ጅማ ላይ ሮክ ክራውለር፦ የትኛውን እንግዛ፣ የትኛውን እንሥራ?

ሮክ ክራውለር በሪሞት የሚነዳ ትንሽ መኪና ነው፤ ለፍጥነት ግን የሚገዛ አይደለም። ሥራው ድንጋይ ላይ ቀስ ብሎ መውጣት ነው። በብዙዎቹ ውስጥ ዲናሞው ከ30 እስከ 50 ዙር ሲዞር ጎማው የሚዞረው አንዴ ብቻ ነው። የግራና የቀኝ ጎማዎች ተቆላልፈው አብረው ይዞራሉ፤ ጎማው ለስላሳ ነው፤ ክብደቱም ወደ ታች የወረደ ነው። ሱቅ ውስጥ "ፎር ዊል" ተብሎ የሚሸጥ አሻንጉሊት ሁሉ ታዲያ ክራውለር አይደለም። መለየት ከፈለጋችሁ መኪናውን አንሥታችሁ አንዱን የኋላ ጎማ በእጅ አዙሩት። ሌላኛው ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ ከዞረ ዲፈረንሻሉ (የግራና የቀኝ ጎማን የሚያገናኘው ማርሽ) ክፍት ነው፤ አንዱ ጎማ አየር ላይ ሲንጠለጠል ጉልበቱ ሁሉ በዚያ ይባክናል። አብረው ወደ አንድ አቅጣጫ ከዞሩ ተቆልፏል። ሎኩ በሪሞት የሚከፈትና የሚዘጋበት ሞዴል ከሆነ ግን ዘግታችሁ ሞክሩት።

ኢንተርኔት ላይ ያሉት ንጽጽሮች አብዛኞቹ የተጻፉት መለዋወጫ በሁለት ቀን በሩ ድረስ ለሚመጣለት ሰው ነው። እኛ ጋ ዕቃው ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ይመጣል፤ ያውም እዚያ ከተገኘ ነው። ካልተገኘ ከዱባይ ወይም ከቻይና በሰው እጅ እስኪመጣ መጠበቅ ነው። ስለዚህ "የትኛው የበለጠ ይወጣል?" ከሚለው ጥያቄ በፊት "የትኛው ሲሰበር ጅማ ላይ ይጠገናል?" የሚለውን አስቀድሜያለሁ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በዚሁ ሚዛን የተመዘነ ነው።

መመዘኛዎቹ

ክራውለር መሰበሩ አይቀርም። ጥያቄው ምኑ ተሰበረ የሚለው ነው። ብሎን ከሆነ ቀላል ነው። ትልልቆቹ ሞዴሎች በብዛት የሚጠቀሙት ኤም3 የሚባለውን ባለ 3 ሚሊ ሜትር ብሎን ነው፤ አጠር ያለው ከአሮጌ ኮምፒውተር የሲዲ ማንበቢያ ላይ እንኳ ይፈታል። ኩሽኔታ ከሆነ የውስጥና የውጭ ዲያሜትሩን፣ ወርዱንም ለክቶ መፈለግ ይቻላል። ኤስሲኤክስ10 በሚባለው የአክሲያል ኩባንያ ባለ 1/10 ክራውለርና በዘሮቹ ውስጥ በብዛት የሚገኙት 5 በ10 በ4 እና 10 በ15 በ4 ሚሊ ሜትር ናቸው። ለአንድ ሞዴል ብቻ የተሠራ ማርሽ ወይም የአክስል ቤት ከሆነ ግን መኪናው ካርቶን ውስጥ ተቀምጦ መንገደኛ ይጠብቃል።

ቀጥሎ ጭቃው አለ። የጅማ አፈር ቀይ ሸክላ ነው፤ ዝናቡም ሰኔን አይጠብቅም። እርጥብ ሸክላ የጎማውን ጥርስ ሞልቶ ልሙጥ ያደርገዋል፤ ሲደርቅ ደግሞ ኩሽኔታ ውስጥ ገብቶ እንደ አሸዋ ወረቀት ይፍቃል። ካርቶኑ ላይ "ውሃ አይገባውም" የሚለው ጽሑፍ የሚመለከተው የኤሌክትሮኒክሱን ክፍል ነው። ኩሽኔታውንና ዲናሞውን አይጨምርም፤ ይህን ልዩነት ሻጭም ብዙ ጊዜ አያውቀውም።

የምትነዱበትንም ቦታ አስቡ። ወደ ጂሬን በሚወስደው ዳገት ያለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሻካራ ስለሆነ በበጋ ጎማ ይይዛል። ዝናብ ሲመታውና አረንጓዴ ሲለብስ ግን ሌላ ድንጋይ ነው። የአዌቱ ወንዝ ዳር ድንጋይ በበጋም ያዳልጣል። ግቢያችሁ ውስጥ፣ አበባ መደብ ዳር ብቻ የምትነዱ ከሆነ ደግሞ ትልቅ መኪና ትርፍ ነው። (የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ግን ይቅር። ቅርስ ነው፤ ድንጋይ ሞልቶ በተረፈበት አገር እዚያ መሄድ አያስፈልግም።)

ዋጋን በተመለከተ የብር ቁጥር አልጻፍኩም። ምንዛሬው ከሐምሌ 2016 ወዲህ በገበያ ስለሚወሰን ዛሬ የሚጻፈው ለከርሞ አይሠራም። በምትኩ ትንንሾቹን ብራንድ ሞዴሎች (ኤስሲኤክስ24 እና ቲአርኤክስ-4ኤምን) 1 ብዬ ሌሎቹን በዚያ ልክ በግምት አስቀምጣለሁ። የካርቶኑ ዋጋ ጠቅላላ ወጪ እንዳልሆነም ይያዝልኝ። ባትሪ፣ ቻርጀር፣ ማጓጓዣና ቀረጥ ይጨመሩበታል።

ርካሾቹ፦ ደብሊውፒኤልና ኤምኤን

የቻይናዎቹ ደብሊውፒኤል ባለ 1/16፣ ኤምኤን ባለ 1/12 መጠን መኪኖች ናቸው፤ ማለትም ከእውነተኛው መኪና አንድ አሥራ ስድስተኛና አንድ አሥራ ሁለተኛ። ደብሊውፒኤል ሲ24 ሃይሉክስን፣ ኤምኤን ዲ90 ደግሞ ላንድሮቨር ዲፌንደርን ይመስላሉ። መልካቸው ያምራል፤ ዋጋቸው የትንንሾቹ ብራንዶች ግማሽ ወይም ከዚያ በታች ነው። ብዙዎቹ የደብሊውፒኤል ሞዴሎች እንደ እውነተኛው ፒክአፕ ባሌስትራ ስላላቸው ልጆች መኪና ከሥር ምን እንደሚመስል ይማሩበታል።

እንደመጡ ግን ደካማ ናቸው። ማርሻቸው ፕላስቲክ ነው፤ በኩሽኔታ ፋንታ ቡሽ የሚባለውን ኳስ የሌለው ተራ ቀለበት የሚያደርጉም አሉ። የሪሞቱ መቀበያና የዲናሞው መቆጣጠሪያ አንድ ሰሌዳ ላይ በመሆናቸው አንዱ ሲቃጠል ሁለቱም ይሄዳሉ። ዳገት ላይ ጋዝ ስትለቁ መኪናውን ባለበት የሚይዝ ፍሬን አብዛኞቹ የላቸውም፤ ለክራውለር ይህ ትልቅ ጉድለት ነው።

ሆኖም አንድ ነገር አላቸው፦ ሁሉም ነገራቸው ይተካል። የብረት ማርሽ፣ የብረት አክስል፣ ጠንካራ ዲናሞ በየዓይነቱ በርካሽ ይሸጣል። ችግሩ ሁሉንም ከተካችሁ ወጪው ከተሻለ መኪና ዋጋ ጋር መገናኘቱ ነው። እኔ የብረት ማርሽና የተለየ መቆጣጠሪያ አስገብቶ ማቆም ይበቃል እላለሁ። ከዚያ በላይ ሻንሲው ራሱ አይሸከመውም።

ትንንሾቹ፦ ኤስሲኤክስ24 እና ቲአርኤክስ-4ኤም

የአክሲያል ኤስሲኤክስ24 ባለ 1/24፣ የትራክሳስ ቲአርኤክስ-4ኤም ባለ 1/18 ነው። የመጀመሪያው በሁለቱ አክስሎቹ መካከል ያለው ርቀት 133 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ የሁለተኛው 155 ገደማ ነው። እጅ ቦርሳ ውስጥ ይገባሉ፤ ከውጭ የሚመጣ ሰው ለመሸከም አይከብደውም። ይህ ለእኛ ቀላል ጥቅም አይደለም። ቤት ውስጥ መጻሕፍት ደርድሮ መንዳት ይቻላል፤ ሐምሌ ላይ ዋጋው የሚታወቀው ያኔ ነው።

ከሁለቱ ለጅማ ቲአርኤክስ-4ኤምን እመርጣለሁ። ጎማው ከፍ ያለ በመሆኑ ሣርና ሸክላ አይውጠውም፤ ኤሌክትሮኒክሱ ውሃ እንዲቋቋም ሆኖ ተሠርቷል፤ አሞርዛቶሩም ዘይት ያለው ነው። ኤስሲኤክስ24 ቀድሞ ስለወጣ መለዋወጫውና ማሻሻያው ይበዛል፤ ለቤትና ለበረንዳ ግሩም ነው። እውነተኛ ድንጋይ ላይ ግን ጠጠሩ ራሱ ተራራ ይሆንበታል። የሁለቱም ደካማ ጎን መሪውን የሚያዞረው ሰርቮ ነው፤ ጎማው ድንጋይ መሃል ተቀርቅሮ መሪ ስትጠመዝዙ የሚሰቃየው እሱ ነው። ሲታዘዝ አንድ ትርፍ ሰርቮ አብሮ ይታዘዝ።

ባለ 1/10፣ ተገጣጥሞ የሚመጣ

ትራክሳስ ቲአርኤክስ-4 በ2017 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የወጣ ነው። አክስሉ ፖርታል የሚባለው ዓይነት ነው። ጎማው ጋ ተጨማሪ ማርሽ ስላለው የአክስሉ ሆድ ከጎማው መሃል በላይ ከፍ ይላል፤ ሌላ መኪና በሆዱ የሚቀመጥበትን ድንጋይ ይሻገረዋል። የፊትና የኋላ ሎኩ በሪሞት ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ካምቢዮውም ሁለት ማርሽ አለው። የአክሲያል ኤስሲኤክስ10 3 (ሦስተኛው ትውልድ) ሁለት ማርሽ ያለው ከመሆኑ ሌላ በብዙ ስሪቶቹ የኋላ አክስሉን ነጥሎ ፊቱን ብቻ እያሠራ በጠባብ ቦታ መዞር ያስችላል።

ሁለቱም በጣም ጥሩ መኪኖች ናቸው። ለጅማ የምፈራው ይህንኑ ውስብስብነታቸውን ነው። ሎክ የሚከፍተው ሰርቮ፣ ማርሽ የሚቀይረው ሰርቮ፣ በየጎማው ያለው የፖርታል ማርሽና ኩሽኔታ ሁሉ ጭቃ የሚገባባቸው ተጨማሪ በሮች ናቸው። ዳገት ላይ የምትነዱ ከሆነ ደግሞ ሎኩን ሁልጊዜ ዘግታችሁ፣ ማርሹንም ዝቅተኛው ላይ አድርጋችሁ ነው የምትኖሩት። ገንዘቡ ካለና በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ግዙት፤ አትጸጸቱም። ከሌላችሁ ቀጥሎ ያለውን አንብቡ።

ባለ 1/10፣ በክፍል በክፍል የሚገጣጠም

ለጅማ አንድ ምርጫ ብቻ ተናገር ብባል ይህን እላለሁ። በዚህ መጠን ባሉ መኪኖች ዘንድ በአክስሎች መካከል 313 ሚሊ ሜትር የተለመደ ልክ ሆኗል። ብዙ የቻይና አምራቾች የኤስሲኤክስ10ን አሠራር ተከትለው ሻንሲ፣ አክስልና ካምቢዮ ለየብቻ ይሸጣሉ። አንዱ አክስል ሲሰበር የሌላ አምራች አክስል ይገባል፤ በአንድ ስም አትታሰሩም። ወጪውም ይከፋፈላል። ዘንድሮ ሻንሲና አክስል፣ ሲመች ዲናሞና መቆጣጠሪያ፣ በመጨረሻ ሪሞትና ቦዲ ማለት ይቻላል።

ራሱ የገጣጠመ ሰው መኪናው ሲሰበር የት እንደሚፈታ ያውቃል። አክስሉ ከፋብሪካ ደረቅ ሊመጣ ስለሚችል ከፍታችሁ ግራሶ ቀቡ። ብረት ብረት ውስጥ የሚገባ ብሎን በንዝረት ይላላልና ማጣበቂያ ይፈልጋል፤ ከጠፋ የጥፍር ቀለም ጠብታ ይበቃል። ፕላስቲክ ውስጥ የሚገባ ብሎን ላይ ግን አታድርጉ። የዲናሞውን ትንሽ ማርሽ ከትልቁ ጋር ስታገናኙ በመሃል ቀጭን ወረቀት አስገብታችሁ አጥብቁ፣ ከዚያ ወረቀቱን አውጡ፤ የቀረው ክፍተት ልኩ ነው።

መቆጣጠሪያ ስትመርጡ አምፔሩን ብቻ ሳይሆን የፍሬኑን አሠራር ጠይቁ። ለምሳሌ ሆቢዊንግ ኩዊክራን 1080 ለክራውለር ታስቦ የተሠራ ስለሆነ ጋዝ ሲለቀቅ የሚይዘው ፍሬን ጥንካሬ ፕሮግራም ካርድ በሚባል ትንሽ ማስተካከያ ዕቃ ይስተካከላል። ዲናሞው ባለ 540 (የመጠኑ መጠሪያ ነው) ሆኖ የሽቦው ጥቅል 35 ከሆነ ለመጀመሪያ ይስማማል። የጥቅሉ ቁጥር ሲጨምር መኪናው ዝግ ይላል፤ ሲቀንስ ይፈጥናል፣ ይሞቃልም።

ከድሪል ዲናሞ የሚሠራ

የቴክኖሎጂ ተማሪዎች መጀመሪያ የሚያስቡት ይህን ነው፤ ደስም ይላል። የባትሪ ድሪል ውስጥ ያለው ዲናሞ ከነካምቢዮው ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። ጉልበት አለው፣ ዝግ ይላል፣ ከተበላሸ ድሪልም ይወጣል። የማጥበቂያ ቀለበቱን ከፍተኛው ቁጥር ላይ ከተዋችሁት ጎማ ሲቀረቀር ካምቢዮው ራሱ ይንሸራተትና ማርሽ ከመሰበር ያድናል።

ዲናሞውን ለማዘዝ አርዱኢኖ ከሚባለው የመማሪያ ኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ጋር የሚሸጠውን ኤል298ኤን ሰሌዳ የሚያስገቡ አሉ። አይሆንም። በአንድ መስመር የሚችለው 2 አምፔር ነው፤ ከባትሪውም 2 ቮልት ያህል ወደ ሙቀት ቀይሮ ያባክናል። የድሪል ዲናሞ ሲጨነቅ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይስባል። ቢቲኤስ7960 የሚባለው ሰሌዳ ወይም ተራ የሪሞት መኪና መቆጣጠሪያ ይሻላል።

ሻንሲው ጅማ ላይ ችግር አይደለም። አሉሚኒየም በርና መስኮት የሚሠሩ ቤቶች ቁርጥራጭ አንግል አያጡም። የጎማ ውስጥ ስፖንጅ ከፍራሽ ይቆረጣል፤ ከላይ የካላማዳሪያ ቁራጭ በማስቲሽ ይለበጣል። ፈተናው የፊት አክስል ነው። እየተጠመዘዘ ጉልበት የሚያስተላልፍ መገጣጠሚያ በቶርኖ ቤት ማሠራት ይቻላል፤ ነገር ግን ለሁለት ትናንሽ ዘንጎች የምትከፍሉት የእጅ ዋጋ ከቻይና ከሚመጣ ሙሉ ጥንድ አክስል ሊበልጥ ይችላል። ምክሬ አክስሎቹን ግዙ፣ ሌላውን ሥሩ ነው። በ3ዲ ፕሪንተር ክፍል የምታትሙ ከሆነ ፒኤልኤ የሚባለው ፕላስቲክ 60 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይለሰልሳል። ዲናሞ መያዣውን በእሱ አትሥሩ፤ ፒኢቲጂ ይሻላል።

ቦዲን በተመለከተ፣ የጅማ አናጢ እጅ የታወቀ ነውና ከእንጨት ላንድክሩዘር ወይም አይሱዙ የማስቀረጽ ፈተና ይመጣል። ለመደርደሪያ ያምራል። ከላይ የተጨመረ ክብደት ግን መኪናውን ዳገት ላይ ወደ ጎን ይጥለዋል። እንጨት ካማራችሁ ስስ ኮምፔንሳቶ ተጠቀሙ፤ ጣሪያውን ከካርቶን አድርጉት።

በአንድ ዕይታ

| አማራጭ | ዋጋ (በግምት) | ጅማ ላይ መጠገን | ጭቃና ውሃ | የሚስማማው |
|---|---|---|---|---|
| ደብሊውፒኤል፣ ኤምኤን | ግማሽ ወይም በታች | መካከለኛ፤ ሰሌዳው ከተቃጠለ ይተካል እንጂ አይጠገንም | ደካማ | ለልጅ፣ ለጀማሪ |
| ኤስሲኤክስ24 | 1 | ከባድ፤ ክፍሎቹ ጥቃቅን | ደካማ | ለቤትና በረንዳ |
| ቲአርኤክስ-4ኤም | 1 | ከባድ | ጥሩ | ለግቢና ለቀላል ድንጋይ |
| ባለ 1/10 የተገጣጠመ | 3 ወይም በላይ | ከባድ፤ ክፍሎቹ የራሱ ብቻ | ኤሌክትሮኒክሱ ጥሩ፣ ማርሹ እንክብካቤ ይሻል | ከውጭ ዕቃ የሚመጣለት |
| ባለ 1/10 በክፍል | ከ2 እስከ 4፣ በጊዜ ይከፋፈላል | ጥሩ | እንደ መረጣችሁት ክፍል | ለረጅም ጊዜ ለሚይዝ |
| የድሪል ዲናሞ | እንደ ተገኘው ዕቃ | በጣም ጥሩ | ራሳችሁ እንዳሸጋችሁት | ለተማሪ፣ ለቡድን |

ባትሪና መብራት

ሁለት ዓይነት አለ። ኒኬል ባለ 7.2 ቮልቱ ይከብዳል፣ ግን ስሕተትን ይታገሣል። ሊፖ የሚባለው የሊቲየም ባትሪ ቀላልና ጉልበታም ነው፤ በአንድ ሴል 4.2 ቮልት ሲደርስ ይሞላል፣ ከ3 ቮልት በታች ከወረደ ግን ይበላሻል። መቆጣጠሪያው ለሊፖ መስተካከሉን ሳታረጋግጡ አትንዱ። ለሳምንታት ካልነዳችሁ በ3.8 ቮልት አካባቢ አስቀምጡት፤ ስትሞሉም ቤት ጥላችሁ አትውጡ።

ቻርጀር ስትገዙ የጀርባውን ጽሑፍ አንብቡ። ከአሜሪካ የሚመጣው 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ በእኛ 220 ይቃጠላል። መብራት ለሚጠፋበት ሰፈር ቢ6 የሚባለውን ዓይነት እመርጣለሁ። ከ11 እስከ 18 ቮልት ቀጥተኛ ኃይል ስለሚቀበል ከመኪና ወይም ከሶላር ባትሪ ላይ ይሞላል።

ከአሮጌ ላፕቶፕ የሚወጡ 18650 የሚባሉ ድብልብል የሊቲየም ሴሎች ርካሽ ናቸው፤ ለትንንሾቹ መኪኖች ያገለግላሉ። ለድሪል ዲናሞ ግን አይሆኑም፤ ቶሎ ይግላሉ፣ አደጋም አላቸው። ለእሱ ከባትሪ ድሪል የወጡትን ሴሎች ከመከላከያ ሰሌዳ ጋር ተጠቀሙ። በአውሮፕላን የሚያመጣላችሁ ሰው ካለ ደግሞ ትርፍ ሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ እንደማይሄድ ንገሩት። ባለ 7.4 ቮልት 5000 ሚሊአምፔር ሰዓት ባትሪ 37 ዋት ሰዓት ስለሆነ ከአየር መንገዶች የ100 ዋት ሰዓት ገደብ በታች ነው።

ማሻሻያ፦ ከምን ይጀመር?

ብዙ ሰው ከዲናሞ ይጀምራል። ለድንጋይ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ጎማ ነው። ለሸክላ ጥርሱ የተራራቀ፣ ለደረቅ ድንጋይ ደግሞ ለስላሳ ላስቲክ ምረጡ። በአንዱ ብቻ ከሆነ የተራራቀውን። ጎማው ቸርኬው ላይ በማጣበቂያ ሳይሆን በብሎን የሚያዝ ይሁን፤ ውስጡ ያለው ስፖንጅ ውሃ ሲጠጣ ከፍቶ ማድረቅ የሚቻለው ያኔ ነው። ቸርኬው ላይ ያለውን የአየር ቀዳዳ በቴፕ ዘግቶ ጎማው መሃል ላይ ትንሽ ቀዳዳ ማድረግም ውሃው በዙር እንዲወጣ ይረዳል።

ቀጥሎ ክብደት። ከውጭ የሚመጣው የናስ ክብደት ውድ ነው። ጎሚስታ ቤት ቸርኬ የሚያመዛዝኑበት ተለጣፊ ክብደት ባለ 5 እና ባለ 10 ግራም ስለሆነ የፊት ቸርኬ ውስጥ ቢለጠፍ ያንኑ ሥራ ይሠራል። እርሳስ ሊሆን ስለሚችል እጃችሁን ታጠቡ፤ ትንንሽ ልጆች እንዳይነኩት። ክብደቱ ወደ ፊትና ወደ ታች ይሁን፤ ከጠቅላላው 60 በመቶ ያህሉ ፊት ላይ ቢያርፍ መኪናው ዳገት ላይ ወደ ኋላ አይገለበጥም። ባትሪውን ወደ ፊት ማምጣት ብቻውን ልዩነት ያመጣል፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ትንንሾቹን ግን አታብዙባቸው፤ አክስላቸው ቀጭን ነው።

ሦስተኛው ሰርቮ ነው። ለባለ 1/10 ጉልበቱ ከ20 ኪሎ በላይ የሚል ፈልጉ። መሪ ስታጠብቁ መብራቱ ከደበዘዘ ወይም መኪናው ለአፍታ ከሞተ ጥፋቱ የሰርቮው አይደለም፤ መቆጣጠሪያው ለሰርቮ የሚሰጠው ኃይል አንሶታል። ዲናሞ መቀየር የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ብዙዎችም እዚያ ሲደርሱ እንደማያስፈልጋቸው ያዩታል።

እንደ አቅምና እንደ ፍላጎት

ለአሥር ዓመት ልጅ ስጦታ ከሆነ ደብሊውፒኤል ግዙና የብረት ማርሽ ጨምሩ። ሥራ የሚበዛበት፣ ማታ ቤት ውስጥ ትንሽ መጫወት የሚፈልግ ሰው ኤስሲኤክስ24 ይበቃዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ጂሬን ዳገት የሚወጣ፣ ግን መፍታትና መግጠም የማይወድ ቲአርኤክስ-4ኤም ይያዝ። ካቻቢቴ ሲይዝ ደስ የሚለው ባለ 1/10 በክፍል ይግጠም፤ ሲያዝም ሁለት ትርፍ የአክስል ዘንግ፣ አንድ ትርፍ የፊት መገጣጠሚያና አንድ እሽግ ኩሽኔታ በዚያው ጭነት ያስመጣ። በቡድን የምትሠሩ ተማሪዎች ደግሞ ገንዘባችሁን በአክስልና በመቆጣጠሪያው ላይ አውሉ፤ ሻንሲው፣ ቦዲውና ዲናሞው ከተማው ውስጥ አለ።